ከቁራጩ የማይነበበው፦ የማንቁርት ካንሰር ምርመራ ታሪክና የቄሣር ፍሬድሪክ ሕመም



 «የራስና የአንገት ካንሰር» የሚለው ስያሜ ብዙ ደዌዎችን በአንድ ጥላ ሥር ያሰባስባል። ከንፈርና ምላስ፣ የአፍንጫ ጓዳ፣ ጉሮሮ፣ ማንቁርትና የምራቅ ዕጢዎች ሁሉ በዚህ ስያሜ ውስጥ ይገባሉ። ሁሉንም በአንድ ንግግር ላዳርስ ብል የስም ዝርዝር ከማንበብ የሚያልፍ ነገር አልሠራም። ስለዚህ አንድ አካል፣ አንድ ዘመንና አንድ ሕመምተኛ መርጫለሁ። አካሉ ማንቁርት ነው። ዘመኑ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ሕመምተኛው ደግሞ የጀርመን አልጋ ወራሽ የነበረው፣ በኋላም ለ99 ቀናት ብቻ ቄሣር ሆኖ የነገሠው ፍሬድሪክ 3ኛ ነው። የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ይህን ሕመምተኛ የመረጥሁት ዘውድ ስለ ጫነ አይደለም። በዘመኑ በነበረው መሣሪያ ሁሉ ተመርምሮ፣ በዘመኑ ታላላቅ በተባሉ ሐኪሞች እጅ ውስጥ እያለ፣ ሕመሙ ካንሰር መሆኑ ሳይረጋገጥ ወራት ስላለፉ ነው። መሣሪያ በማጣትና ሐኪም በማጣት የሞተ ሰው ታሪክ የሚያስተምረን አለ፤ ሁሉም ተሟልቶለት የሞተ ሰው ታሪክ የሚያስተምረን ግን ከዚያ የተለየ ነው። የዛሬው ጥያቄዬም ይህ ነው፦ ምርመራ «አላገኘሁም» ብሎ ሲናገር፣ ሰሚው «የለም» ብሎ ቢሰማው ምን ይከተላል?

ከዘመኑ እንጀምር። ማንቁርት ከምላስ ሥር በስተጀርባ፣ በአየር ቧንቧ አናት ላይ የተቀመጠ የልምአጥንት ሳጥን ነው። በውስጡ ሁለት የድምፅ አውታሮች ተዘርግተዋል፤ አየር በመካከላቸው ሲያልፍ ይርገበገባሉ፣ ድምፅም ይወጣል። አፍን ከፍቶ ወደ ውስጥ የሚመለከት ሰው የጉሮሮውን ግድግዳና እንጥሉን ያያል እንጂ ማንቁርቱን አያይም፤ የእይታው መሥመር ቀጥ ያለ ሲሆን መንገዱ ግን ወደ ታች ይታጠፋል። በዚህ ምክንያት እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የማንቁርት ዕጢ የሚታወቀው በአብዛኛው ሕመምተኛው ትንፋሽ ካጠረው በኋላ፣ ወይም ከሞተ በኋላ ሬሳው ሲመረመር ነበር። ሐኪሙ የጎረነነውን ድምፅ ይሰማል፤ ድምፁን ያጎረነነውን ነገር ግን አያይም።

ይህን መጋረጃ የገለጠው ሐኪም አልነበረም፤ የዘፈን መምህር ነበር። ስፔናዊው ማኑኤል ጋርሲያ ድምፅ እንዴት እንደሚወጣ በዓይኑ ለማየት ሲመኝ የኖረ ሰው ነበር። በ1854 ዓ.ም. አንዲት የጥርስ ሐኪም መስተዋት ጉሮሮው ውስጥ አስገብቶ፣ የፀሐይን ብርሃን በሌላ መስተዋት አንጸባርቆ፣ የራሱን የድምፅ አውታሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ ተመለከተ። ያየውንም በማግሥቱ ዓመት ለለንደኑ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አቀረበ። ዓላማው ሕክምና አልነበረም፤ የዜማ ትምህርት ነበር። ጋርሲያ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሮ በ1906 ሲሞት ግን ያቺ መስተዋት በመላው ዓለም የሐኪም ዕቃ ሆና ነበር።

መስተዋቷን ወደ ሕክምና ያሻገሩት በኦስትሪያ ግዛት የነበሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። በቪየና ሉድቪግ ቲርክ በ1857 በሕመምተኞች ላይ ሞከራት፤ የሚጠቀመው በፀሐይ ብርሃን ነበርና ክረምቱ ሲመጣ ሥራውን አቆመ። ዮሐን ቼርማክ መስተዋቶቹን ከቲርክ ተውሶ በሰው ሠራሽ ብርሃን መጠቀም ጀመረ፤ ዘዴውንም በአውሮፓ ከተሞች እየተዘዋወረ አሳየ። ከዚያ በኋላ ቀዳሚው ማን ነው በሚል በሁለቱ መካከል የተነሣው ጠብ ለዓመታት ቆየ። ሕክምናው ግን ከጠባቸው ይልቅ ከሥራቸው ተጠቀመ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጉሮሮ ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። በለንደን ሞሬል ማኬንዚ በ1863 ለጉሮሮ በሽታዎች ብቻ የተለየ ሆስፒታል አቋቋመ፤ በ1880ና በ1884 በሁለት ቅጽ ያሳተመው የመማሪያ መጽሐፍም የሙያው ዋና መመሪያ ሆነ። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

መስተዋቷ የምታሳየው ግን ገጽታን ብቻ ነው። በድምፅ አውታር ላይ የበቀለች እብጠት ኪንታሮት መሰል ቀላል ዕድገት ልትሆን ትችላለች፤ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የቂጥኝ ቁስልም ልትሆን ትችላለች፤ ካንሰርም ልትሆን ትችላለች። ይህን ለመለየት የተዘረጋው ሁለተኛው መንገድ ማይክሮስኮፕ ነበር። ሩዶልፍ ፊርሖ በ1858 ባሳተመው የሕዋስ ሥነ ደዌ መጽሐፉ በሽታን በሕዋስ ደረጃ መፈለግ እንደሚገባ ካስተማረ ወዲህ፣ ከሕመምተኛ አካል ትንሽ ሥጋ ቆርጦ መመርመር ቀስ በቀስ ቦታ እያገኘ ሄደ።

የዚህ ዘዴ ጥንካሬም ወሰንም በአሜሪካ ታይቷል። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንት፣ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ ሰው ነበር፤ በ1884 በጋ ላይ ፍሬ ሲበላ ጉሮሮውን አመመው። የግል ሐኪሙ በአውሮፓ ስለነበረ ምርመራው ወራት ዘገየ፤ የጉሮሮ ሐኪም ያየው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ነው። በ1885 መጀመሪያ የተወሰደው ናሙና በማይክሮስኮፕ ታይቶ ካንሰር መሆኑ ያለ ማመንታት ተነገረ። ነገር ግን እውነቱ ሲታወቅ የሚደረግ ነገር አልቀረም ነበር። ግራንት የቀረውን ጊዜ የጦርነት ትዝታውን ለመጻፍ ተጠቀመበት፤ መጽሐፉን ጨርሶ በቀናት ውስጥ፣ ጁላይ 23 ቀን 1885 ዓረፈ። እዚህ ላይ ናሙናው አልተሳሳተም፤ የዘገየው ሰው ነው። በፍሬድሪክ ታሪክ ግን ሰው ቶሎ ደረሰ፤ የዘገየው ናሙናው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈለገኝም «ቶሎ መርምሩ» የሚለው ምክር እውነት ሆኖ ሳለ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

ወደ ፍሬድሪክ ከመሄዳችን በፊት ስለ ሕክምናው አንድ ነገር መጨመር ይገባል፤ የሐኪሞቹን ፍርሃት የምንረዳው በዚህ ነው። ዲሴምበር 31 ቀን 1873 ቴዎዶር ቢልሮት በቪየና አንድ የ36 ዓመት የሃይማኖት መምህር ማንቁርት በካንሰር ምክንያት ሙሉ በሙሉ ቆርጦ አወጣ። ተማሪው ቼርኒ ቀዶ ሕክምናው የሚቻል መሆኑን ቀደም ብሎ በውሾች ላይ ፈትኖ ነበር፤ ረዳቱ ጉሰንባወር ደግሞ ሕመምተኛው እንዲናገርበት ሰው ሠራሽ ማንቁርት አዘጋጀለት። ሰውየው ከቀዶ ሕክምናው ድኖ ተነሣ፣ ተናገረም፤ ካንሰሩ ግን አገርሽቶ ከወራት በኋላ ገደለው። ቢልሮትን ተከትለው ይህን የሞከሩ ሌሎች ሐኪሞች ብዙ ሕመምተኞቻቸውን በሳምንታት ውስጥ በደም መፍሰስና በሳንባ ምች አጡ። የዳነውም ቢሆን በአንገቱ ቀዳዳ የሚተነፍስ፣ ድምፁን ያጣ ሰው ይሆናል። ይህ ቀዶ ሕክምና በ1887 ለአንድ ሕመምተኛ ሲቀርብለት፣ የሚቀርብለት የማዳን ተስፋና የሞት ሥጋት በአንድ ላይ ነበር።

እንግዲህ ወደ በርሊን እንሂድ። በጃንዋሪ 1887 አልጋ ወራሽ ፍሬድሪክ 55 ዓመቱ ነበር። አባቱ ቄሣር ቪልሄልም 1ኛ 90 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ፍሬድሪክ በጦር ሜዳ የተመሰገነ አዛዥ ነበር፤ በአመለካከቱ ግን ከቢስማርክ ይልቅ ወደ ሊበራሎቹ ያደላ ነበር። ሚስቱም የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የበኩር ልጅ ነበረች። ድምፁ መጎርነን ሲጀምር ሁሉም ብርድ ነው አሉ። ብርዱ ግን አልለቀቀውም። ማርች 6 ቀን የበርሊኑ ፕሮፌሰር ካርል ገርሃርት በመስተዋት ሲያየው በግራው የድምፅ አውታር ላይ ትንሽ እብጠት አገኘ። በሽቦ ቀለበት ሊያነሣት ሞከረ፤ ስላልሆነለት በኤሌክትሪክ በጋለ ሽቦ ለሳምንታት ደጋግሞ ተኮሳት። እብጠቷ ጠፋች፤ ሕመምተኛው ለማረፊያ ወደ ጠበል ከተማዋ ኤምስ ሄደ። በሜይ ወር ሲመለስ እብጠቷ ዳግመኛ አድጋ ተገኘች።

ገርሃርት በዚህ ጊዜ ካንሰርን ጠረጠረ። ቀዶ ሐኪሙ ኤርንስት ፎን በርግማን ተጠራ፤ እርሱም ማንቁርቱን ከፊት ለፊት ከፍቶ ዕጢውን ለማውጣት አሰበ። ይህ ቢልሮት ካደረገው ያነሰ፣ ማንቁርቱን በቦታው የሚያቆይ ቀዶ ሕክምና ነበር። ሆኖም የመንግሥቱን ወራሽ ጉሮሮ ከመክፈት በፊት የሌላ ሊቅ አስተያየት እንዲጠየቅ ተወሰነ፤ የተጠራውም የመማሪያ መጽሐፉን የጻፈው ማኬንዚ ነበር። ማኬንዚ ሜይ 20 በርሊን ደረሰ። በማግሥቱ ምርመራውን አድርጎ፣ በማይክሮስኮፕ ሳይረጋገጥ ቢላዋ መነሣት የለበትም አለ። ይህ አባባል ዛሬ በየትኛውም የሕክምና ፋኩልቲ የምናስተምረው መርሕ ነው። ያን ጊዜ ግን ብዙዎች ገና አልተቀበሉትም ነበር። ማኬንዚ በዚያው ዕለት በጉሮሮ በኩል ትንሽ ቁራጭ አወጣ፤ ቁራጩም ወደ ፊርሖ ተላከ። ፊርሖ ካንሰር አላገኘበትም። ማኬንዚ በዚያው ወርና በጁን ተጨማሪ ቁራጮች ወሰደ፤ ፊርሖ አሁንም የገጽታው ሽፋን መወፈሩን እንጂ ካንሰር አላየሁም አለ። ቀዶ ሕክምናው ቀረ። ፍሬድሪክ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በጁን ወር በንግሥቲቱ የሃምሳኛ ዓመት በዓል ላይ በፈረስ ላይ ሆኖ ታየ፤ ሕዝቡም ዳነ ብሎ ተደሰተ። በሴፕቴምበር ማኬንዚ የባላባትነት ማዕረግ ተሰጠው።

በዚህ የፊርሖ ሪፖርት ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የዛሬው ንግግር ልብ እዚህ ነውና። ፊርሖ በጁን በጻፈው ሪፖርት የተላከለት ሥጋ በተቆረጠበት ጠርዝ ጤናማ መሆኑን፣ ይህም መልካም ተስፋ የሚሰጥ መሆኑን ገለጸ። ከዚያ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አከለ፤ ይህ አስተያየት ለበሽታው በሙሉ የሚሠራ መሆን አለመሆኑ ከተቆረጡት ቁራጮች ብቻ በእርግጠኝነት ሊታወቅ አይችልም የሚል ነበር። ይህ የአንድ ጥንቁቅ ሳይንቲስት አነጋገር ነው። ፊርሖ ስለ ቁራጩ መሰከረ፤ ስለ ማንቁርቱ ግን አልመሰከረም።

ሪፖርቱ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ መንገድ ሲጀምር ምን ሆነ? ወደ ሐኪሞቹ ሲደርስ «ካንሰር አልተገኘም» ሆነ። ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲደርስ «ካንሰር አይደለም» ሆነ። ወደ ጋዜጦቹ ሲደርስ «አልጋ ወራሹ ይድናል» ሆነ። ማስጠንቀቂያዋን ዐረፍተ ነገር በመንገድ ላይ ማንም በክፋት አልጣላትም። ቁራጩን የሚልከው ሐኪም ተስፋ ፈልጎ ነው የሚያነበው፤ ሚስት ተስፋ ፈልጋ ነው የምትሰማው፤ አገር ተስፋ ፈልጎ ነው የሚያወራው። በእያንዳንዱ እጅ ላይ ማመንታቱ እየሳሳ፣ እርግጠኝነቱ እየወፈረ ሄደ። ዕጢው ግን ሪፖርቱን አላነበበም።

በኖቬምበር 1887 ፍሬድሪክ በጣሊያን ጠረፍ በሳን ሬሞ ሳለ አዲስና የተለየ መልክ ያለው እብጠት በማንቁርቱ ውስጥ ታየ። ማኬንዚ ራሱ ካንሰር ሊሆን እንደሚችል ተቀበለ፤ ከቪየናና ከበርሊን የተጠሩ ሐኪሞችም ተስማሙ። ለሕመምተኛው ምርጫው ቀረበለት፦ ማንቁርቱን በሙሉ ማስወጣት፣ አለዚያም ትንፋሹ እስኪያጥር ጠብቆ የአየር ቧንቧውን ማስከፈት። ፍሬድሪክ ሁለተኛውን መረጠ። በውሳኔው ጊዜ ያሳየውን እርጋታ ወዳጆቹም ተቃዋሚዎቹም መስክረውለታል። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1888 የበርግማን ረዳት ፍሪትዝ ብራማን አንገቱን ከፍቶ ቱቦ አስገባለት፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ፍሬድሪክ የሚናገረው በጽሑፍ ነበር። በማርች መጀመሪያ ፊርሖ በግብፅ ጉዞ ላይ ስለነበረ፣ ሥነ አካል ሊቁ ቫልዳየር ከሕመምተኛው አክታ ውስጥ የካንሰር ሕዋሳትን አገኘ። በማይክሮስኮፕ የተጠበቀው ማረጋገጫ ከመጀመሪያው ቁራጭ ወደ አሥር ወር ገደማ ዘግይቶ መጣ።

ማርች 9 ቀን ቪልሄልም 1ኛ ሞተ፤ መናገር የማይችለው ፍሬድሪክ ቄሣር ሆነ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተዘጋጀበትን ዙፋን በወረቀት ቁራጭ ላይ እየጻፈ ለ99 ቀናት ያዘው። ጁን 15 ቀን 1888 ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር ማንቁርቱ አብዛኛው በካንሰር ወድሞ ተገኘ። ዙፋኑን የያዘው ልጁ ቪልሄልም 2ኛ ነው።

ከሞቱ በኋላ የተነሣው ክርክር ከሕመሙ ያላነሰ መራራ ነበር። ጀርመናውያኑ ሐኪሞች ወዲያውኑ የጋራ ዘገባ አሳትመው እንግሊዛዊው ሕመምተኛውን ገደለው ለማለት ምንም ያህል አልቀራቸውም። ማኬንዚም በዚያው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ገርሃርት በመተኮስ፣ በርግማን በሻካራ እጁ ጎዱት ብሎ መለሰ። የሕመምተኛው ምሥጢር በአደባባይ ወጣ፤ ማኬንዚም በዚህ መጽሐፉ ከገዛ አገሩ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ወቀሳ ደረሰበት። በ1892 ሲሞት ስሙ ከዚህ ክርክር ጋር ተጣብቆ ቀርቶ ነበር። በዚህ መካከል የሕክምና ጥያቄ የብሔር ክብር ጥያቄ ሆኖ አረፈው። ሰዎች የሚከራከሩት ስለ ማንቁርት መሰላቸው እንጂ በርሊን ትበልጣለች ወይስ ለንደን እያሉ ነበር።

እኛ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ዘግይተን ስንፈርድ ሦስት ቀላል ፍርዶች ይቀርቡልናል። አንደኛው «ማኬንዚ ጥፋተኛ ነው» የሚል ነው። ማኬንዚ ከቁራጩ ምስክርነት አልፎ ተስፋ መስጠቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያለ ማረጋገጫ አይቆረጥ ማለቱ ትክክል ነበር። ሁለተኛው «በርግማን ቢሰማ ኖሮ ቄሣሩ ይድን ነበር» ይላል። የበርግማን ጥርጣሬ ትክክል መሆኑን ሞት አረጋግጦለታል፤ ሆኖም በዚያ ዘመን ማንቁርትን ከፍተው ካንሰር ካወጡላቸው ሰዎች ብዙዎቹ አገርሽቶባቸዋል። ጥርጣሬው ትክክል መሆኑ ሕክምናው ይሳካ እንደነበር አያረጋግጥም። ሦስተኛው «ፊርሖ ተሳሳተ» የሚለው ነው። በኋላ ዘመን ነገሩን እንደገና የመረመሩ ሐኪሞች ዕጢው ኪንታሮት መሰል ከሆነው የካንሰር ዓይነት ጋር የተያያዘ ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። ይህ ዓይነት በ1948 አከርማን በተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ተለይቶ የተገለጸ ነው፤ ከላይ የተቆረጠ ናሙናው ጤናማ የወፈረ ሽፋን ይመስላል፣ ክፋቱ የሚታየው ከሥሩ ነው። እንዲህ ከሆነ ፊርሖ ያየውን በትክክል አይቷል፤ የተሰጠው ቁራጭ ግን የታሪኩን የላይኛውን ገጽ ብቻ የያዘ ነበር።

ከእነዚህ ሌላ አንድ አራተኛ አባባል ከታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ይሰማል፤ ሊበራሉ ቄሣር በሕይወት ቢቆይ አንደኛው የዓለም ጦርነት አይነሣም ነበር የሚለው። ይህን አባባል በጥንቃቄ እንያዘው። የአንድ አገር ሠራዊት፣ ምክር ቤት፣ ኢንዱስትሪና ጎረቤቶች በአንድ ሰው ጉሮሮ ላይ አይንጠለጠሉም። አባባሉ የሚነግረን ስለ 1914 ሳይሆን ስለ ሐዘን ይመስለኛል፤ ሰዎች የጠፋባቸውን ነገር ሁሉ ከአንዲት ትንሽ እብጠት ጋር ማያያዝ ይወዳሉ።

ሙያው ከዚህ ክርክር ምን ወሰደ? በመጀመሪያ ዓይኑን አጠነከረ። በ1895 አልፍሬድ ኪርሽታይን በበርሊን ያለ መስተዋት ማንቁርትን ቀጥታ የሚያሳይ መሣሪያ ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ የመጡት ትውልዶች ሕመምተኛውን በሰመመን አስተኝተው፣ ዕጢውን በአጉሊ መነጽር እያዩ፣ ከላዩ ብቻ ሳይሆን ከሥሩም ናሙና መውሰድ ጀመሩ። ዛሬ ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ዕጢው ወደ ልምአጥንቱ ዘልቆ እንደሆነ ያሳዩናል። ሁለተኛ፣ እጁን አጠነከረ። ጆርጅ ክራይል በ1906 ባቀረበው ጽሑፍ በ132 ቀዶ ሕክምናዎች ላይ ተመሥርቶ፣ ካንሰሩ የሚሰራጭባቸውን የአንገት የሊምፍ ዕጢዎች፣ እኛ ሲያብጡ ንፍፊት የምንላቸውን፣ ከነአካባቢያቸው በሥርዓት ማውጣት እንደሚገባ አሳየ። ሦስተኛ፣ ከቢላዋ ሌላ መሣሪያ አገኘ። ኤክስሬይ በ1895፣ ራዲየም በ1898 ተገኙ፤ በ1920ዎቹ ደግሞ በፓሪስ አንሪ ኩታር ጨረሩን በአንድ ጊዜ ከመስጠት ይልቅ በትንሽ በትንሹ ለሳምንታት ከፋፍሎ በመስጠት ማንቁርትን ሳይቆርጡ ካንሰሩን ማጥፋት እንደሚቻል አስመሰከረ።

ፍሬድሪክ በሳን ሬሞ የቀረበለት ምርጫ ሕይወት ወይስ ድምፅ የሚል ነበር። ይህን ጥያቄ በቁጥር የመለሰው በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ1991 የታተመው ጥናት ነው። ካንሰራቸው የገፋ 332 የማንቁርት ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ማንቁርታቸው ወጥቶ ጨረር ተሰጣቸው፣ ግማሾቹ ደግሞ በመድኃኒት ጀምረው በጨረር ታከሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለቱም ወገን በሕይወት የተገኙት 68 በመቶ ነበሩ፤ በሁለተኛው ወገን ደግሞ 64 በመቶ የሚሆኑት ማንቁርታቸው በቦታው ነበር። ለብዙ ሕመምተኞች ሕይወትን ለማትረፍ ድምፅን መክፈል የግድ አለመሆኑ በዚህ ታወቀ። ማንቁርታቸው የግድ ለሚወጣባቸውም ከ1980 አካባቢ ጀምሮ በአየር ቧንቧና በምግብ ቧንቧ መካከል የሚገባ ትንሽ ክዳን ድምፅን የሚመልስ ሆኖ ተገኝቷል።

ከመሣሪያ ሁሉ በላይ ግን ሙያው የወሰደው አንድ ልማድ ነው። ዛሬ የአንድ ሕመምተኛ ጉዳይ ቀዶ ሐኪሙ፣ የጨረር ሐኪሙ፣ የፓቶሎጂ ባለሙያውና የመድኃኒት ሕክምና ባለሙያው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይመክሩበታል። በ1887 የጎደለው ይህ ነበር። ፊርሖ ማንቁርቱን በመስተዋት አላየም፤ በርግማን ሥጋውን በማይክሮስኮፕ አላየም፤ ማኬንዚ የሁለቱን ጥርጣሬ በአንድ ሚዛን ላይ አላስቀመጠም። እያንዳንዱ የያዘው የእውነት ቁራጭ ነበር፤ ቁራጮቹ ግን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አልተገናኙም።

ይህ ታሪክ እኛን ስለሚመለከትበት ጉዳይ ጥቂት ተናግሬ ልጨርስ። በአገራችን ድምፁ የጎረነነ ሰው እንደ ፍሬድሪክ ዘመን ሰዎች አስቀድሞ «ብርድ መታኝ» ይላል። ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። ብርድ ግን በሳምንታት ውስጥ ይለቃል፤ ሳምንታት አልፎት ያልተመለሰ ድምፅ፣ በተለይ በሚያጨስ ወይም መጠጥ በሚያበዛ ሰው፣ ማንቁርቱ መታየት አለበት። ድምፅ መተዳደሪያው የሆነ ሰው፣ መምህሩ፣ መሪጌታው፣ አዝማሪው፣ ጠበቃው፣ መጎርነኑን ከሥራው ድካም ቆጥሮ ሊዘገይ ይችላልና ለእርሱ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና በመላ አገሪቱ የሚገኘው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ወረፋው ረጅም በሆነበት አገር ዘግይቶ የታወቀ ካንሰር የሚያስከፍለው ዋጋ ከሌላው ቦታ ይበልጣል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር እዚህ ላይ በቀጥታ ይሠራል።

ለእናንተ ለተማሪዎች የማስቀምጠው አደራ ግን ከዚህ አንድ እርምጃ ይዘልቃል። ነገ ናሙና ስትልኩ የጥያቄ ወረቀቱን ባዶ አትተዉት፤ በመስተዋት ያያችሁትን፣ የጠረጠራችሁትን፣ ቁራጩን ከላይ ይሁን ከሥር የወሰዳችሁበትን ጻፉ፤ ያልተነገረው የፓቶሎጂ ባለሙያ ስለ ቁራጩ ብቻ ይመሰክራል። የፓቶሎጂ ባለሙያ የምትሆኑትም ከቁራጩ የማይነበበውን በሪፖርታችሁ ውስጥ በግልጽ አስፍሩ። ውጤቱ «ካንሰር አልተገኘም» ብሎ ሲመለስና በዓይናችሁ ያያችሁት ግን ከዚያ ጋር ሳይገጥም ሲቀር፣ ናሙናውን ድገሙ፤ ጠልቃችሁ ውሰዱ፤ የሥራ ባልደረባችሁን ጥሩ። ለሕመምተኛውና ለቤተሰቡም ስትናገሩ «አላገኘንም» የሚለውን «የለም» ወደሚለው አትለውጡት፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ርቀት ለመግለጽ ተጨማሪ ደቂቃ ብትወስዱ አትቸኩሉ። ሪፖርት በእጃችሁ ሲገባ ደግሞ እስከ መጨረሻው ዐረፍተ ነገር አንብቡት፤ የፊርሖ ማስጠንቀቂያም በሪፖርቱ ውስጥ ነበረ።